«ኤዬ» ባይ ያጣ ትረካ

ነገሌ ቦረና ውስጥ ሰው የሚጣላባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ግን ለዓመታት ያጣላው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፍ በድምፅ ሲቀረጽ አንድ ሰው ብቻውን ይተርከው ወይስ ብዙ ሰዎች ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው እንደ ድራማ ይጫወቱት? አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ የሥራ ፈት ወሬ ሊመስለው ይችላል። እኛ ጋ ግን ሁለት ሾፌሮች በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈው አንድ ሰሞን በመንገድ ሲተላለፉ ክላክስ እንኳ አልተነፋፉም።

አስቀድሜ ወገኔን ልናገር፤ እኔ የአንድ ድምፅ ወገን ነኝ። ሳላሃዲን እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ሲከፍት ስኳርና ሳሙና ነበር የሚሸጠው። ካሴት መቅዳት የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ሚሞሪ ካርድ መሙላት ያዝኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ንፋስ ነጋዴ» ይለኝ ነበር። ከእኔ ሚዛናዊ ፍርድ የሚጠብቅ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂድ። ስለ እትዬ ዘርትሁን በሚዛን ማውራት አልችልበትም፤ ብችልም አልፈልግም።

እትዬ ዘርትሁን ልብስ ሰፊ ናት። ከገበያው አጠገብ ባለችው በረንዳዋ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪናዋን ዘርግታ የወታደር ሱሪ ታጠብባለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወደ ነገሌ የመጣችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ባሏ እዚህ ባለው የጦር ካምፕ ውስጥ የመገናኛ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ሬዲዮ ላይ የሚሠራ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ። እሱም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሞያሌ ወጣ፤ ኬንያ ገባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሌሎቹ የወታደር ሚስቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሷ «መጥቶ ቢያጣኝስ?» ብላ ቀረች። የተወላት ነገር ያቺ የስፌት መኪናና ከካምፑ ቤተ መጻሕፍት ያዳነው አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነበር።

ከካርቶኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ ሳይንሳዊ ልብወለድ ወጣ። ከባዕድ ቋንቋ የተመለሰ መሆኑ ያስታውቃል፤ ርእሱም ሆነ የጸሐፊው ስም ግን ከሽፋኑ ጋር ሄዷል። አዲስ አበባ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን አስጠይቄ ነበር፤ የሚያውቀው አልተገኘም። እኛ «የመርከቧ መጽሐፍ» እንለዋለን። ታሪኩ እንዲህ ነው። ምድር ትደርቃለች። አንዲት መርከብ ሰዎች ጭና ወደ ሩቅ ኮከብ ትላካለች፤ ወሬዋም ይጠፋል። ዘመን አልፎ ሁለተኛ መርከብ ትከተላታለች። በሁለተኛዋ መርከብ ውስጥ ባሏ በፊተኛዋ የሄደባት አንዲት ሴት አለች። ውሃው እየጎደለ፣ ተሳፋሪው እየተጣላ፣ እሷ ደግሞ እየጠበቀች ጉዞው ይቀጥላል።

የእትዬ ዘርትሁን ጎረቤት ኦቦ ጂሎ ይባሉ ነበር። የሊበን ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከብት አጠጥተዋል፣ ጎልማሳ ሆነው በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል፣ በኋላ ዓይናቸው ጠፍቶ ቤት ዋሉ። አንድ ቀን እትዬ ዘርትሁን የሚሰፋ ጨርቅ አጥታ መጽሐፉን ለራሷ ስታነበንብ ሰሟትና በበትራቸው መሬቱን እየዳሰሱ መጡ።

«አካም፣ ዘርትሁን? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ናጋ፣ ኦቦ ጂሎ። መጽሐፍ ነው የማነበው።»

«ከመጽሐፍ ጋር ብቻሽን ከምታወሪ ጮክ በዪና ሁለት እንሁን።»

ጮክ ብላ ጀመረች። እሳቸው ደግሞ እንደ አገራቸው ወግ መቀበል ጀመሩ። እኛ አካባቢ ወግ ሲወጋ የሚሰማ ሰው አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። ተናጋሪው አንድ ነገር ተናግሮ ትንፋሽ ሲወስድ ሰሚው «ኤዬ» ይላል። እየሰማሁ ነው፣ አብሬህ ነኝ፣ ቀጥል ማለት ነው። «ኤዬ» ካላለ ወይ እንቅልፍ ወስዶታል ወይ ንቆሃል። ተናጋሪም ቢሆን ተቀባይ ሳይኖረው ወሬውን መቀጠል ያሳፍረዋል። እትዬ ዘርትሁን ሰሜን ተወልዳ ያደገች ናትና መጀመሪያ ላይ ደንግጣ ነበር። «በየነጥቡ ሲያቋርጡኝ ስህተት ያነበብኩ እየመሰለኝ ወደ ኋላ እመለስ ነበር» ብላኛለች። ውሎ አድሮ ግን ለመደችው፤ ለምዳውም አልቀረች፣ ያለ «ኤዬ» አላነብ አለች።

ኦቦ ጂሎ ተቀባይ ብቻ አልነበሩም፤ ጠያቂም ነበሩ። ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ «መርከቧ ላይ አባ ሄሬጋው ማነው?» ብለው አፋጠጧት። አባ ሄሬጋ በቦረና ጉድጓዶች ላይ ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራ የሚያስይዝ ሰው ነው። እትዬ ዘርትሁን ገጹን ብትገልጥ ብታገላብጥ እንደዚያ ያለ ሰው አጣች። «እንግዲያው ይጣላሉ» አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሳፋሪዎቹ በውሃ ተደባደቡ። ሁሌም የሚደጋግሟት ሌላ ጥያቄ ደግሞ ነበረቻቸው።

«የፊተኛዋ መርከብስ? ሰዎቿ ምን ሆኑ?»

«ይመጣል፣ ኦቦ ጂሎ። መጨረሻው ላይ ነው።»

«ኤዬ።»

ነገሩን ወደ መንገድ ያወጣው ጎሊቻ ነው። ጎሊቻ ድሮ የኦቦ ጂሎ ረዳት ነበር፤ በኋላ እሱም ሾፌር ሆነ። አለቃውን ሊጠይቅ መጥቶ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሰማ፤ መኪናው ሲጫን መዋሉንም ረሳ። በሚቀጥለው ጊዜ ቴፕ ይዞ መጣና «እትዬ፣ አንቺን መኪና ላይ መጫን አልችልም፣ ድምፅሽን ልጫነው» አላት። የቀዳውን ወደ እኔ አመጣው፤ እኔም አባዛሁት። ካሴቱ ወደ ሞያሌ ወረደ፣ በፊልቱ በኩል ዶሎ ኦዶ ደረሰ። የኦቦ ጂሎ «ኤዬ»ም ጥያቄያቸውም፣ የጎረቤት ዶሮም ሳይቀር፣ ሁሉም እንዳለ አብሮ ሄደ።

አነባበቧን ላልሰማ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ወንድ ሲናገር ድምጿን አታጎረንንም፤ ሕፃን ሲናገር አታቀጥንም። ሆኖም ማን እየተናገረ እንደሆነ አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም። የመርከቧ አዛዥ ሲናገር በመጠኑ ትቸኩላለች። ያቺ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ስትናገር ደግሞ ምንም አትጨምርበትም፤ ቃሉን እንዳለ አስቀምጣው ታልፋለች። እዚያ ቦታ ላይ ሾፌሮች መኪና አቁመው ይወርዳሉ። ሽንት ይዞን ነው ይላሉ።

ሰማታር የሚባል የዶሎ ኦዶ ነጋዴ አለ፤ አማርኛ የተማረው ከእነዚህ ካሴቶች ነው። ኬላ ላይ ሲያስቆሙት ታዲያ እንደ መርከቧ አዛዥ ነው የሚናገረው። «ወንድሞቼ ሆይ፣ ጉዟችን ረጅም፣ ውሃችንም ጥቂት ነውና አታዘግዩን!» ይላል። ፈታሾቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ያሳልፉታል። የአንዲት ልብስ ሰፊ ድምፅ ከነገሌ ተነስቶ ድንበር ላይ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ማየት እኔን አሁንም ያስደንቀኛል።

መጽሐፉ ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ኦቦ ጂሎ ታመሙ። ለጥቂት ሳምንት ተኝተው አረፉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እትዬ ዘርትሁን መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ሾፌሮቹ መጨረሻውን ፈልገው ያስጨንቁኝ ስለነበር ሄጄ ጠየቅኳት።

«ለማን ላንብበው?» አለችኝ።

«ለእኛ ነዋ።»

«እናንተ ትሰማላችሁ እንጂ አትቀበሉም።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። የመርከቧ መጽሐፍ በሞያሌውም በዶሎ ኦዶውም መንገድ ላይ ያለ መጨረሻ ዓመታት ተመላለሰ። ጎሊቻ ብዙ ጊዜ ለመናት። መጽሐፉን እንድታውሰው የጠየቃትም ነበር፤ አላውስም አለች። በሌላው ነገር ሁሉ እጇ የተፈታ ሴት ናት፤ በዚህ ነገር ግን ድርቅ አለች። እኔም ኀዘን ነው ብዬ ተውኳት።

ከዚያ የልጆቹ ዘመን መጣ። ፍሬሰንበት የወታደር ልጅ ነው፤ ካምፕ አድጎ፣ ኮምፒውተር ተምሮ፣ የድራማ ክበብ አቋቋመ። የእትዬ ዘርትሁንን ካሴቶች ከእኔ ወስዶ ጽሑፉን ገለበጠና ለየገጸ ባሕርዩ ሰው መደበ። አዛዡ ሌላ፣ ሐኪሙ ሌላ፣ ልጆቹ ሌላ፤ በጀርባው ደግሞ ሙዚቃና የሞተር ድምፅ። የእሷ ካሴት በሚቆምበት የእነሱም ድራማ ይቆማል፤ መጨረሻው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነውና። ሚሞሪውን ሱቄ አመጣው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ ሰላሜን ያጣሁት።

ጎሊቻ ገና ግማሹን ሳይሰማ ፈረደ። «እኔ ስነዳ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያወራኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እነዚህ አሥር ሆነው እርስ በርሳቸው ነው የሚያወሩት። እኔን ማን አናገረኝ?» አለ። ከዚህ የተሻለ ክርክር እስከዛሬ አልሰማሁም።

ሰገነት ደግሞ ካምፕ የምትኖር የመቶ አለቃ ሚስት ናት፤ ለልጆቹ ወገነች። «እኔ ልብስ እያጠብኩ ነው የምሰማው» አለች። «እትዬ ዘርትሁንን ለመስማት እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አለብኝ፤ አንድ ቃል ካመለጠኝ አለቀልኝ። ለድራማው ግን ግማሽ ጆሮ ይበቃል።» ይህ ለድራማው ምስጋና ነው ወይስ ስድብ ብዬ ብጠይቃት ያጠበችበትን ውሃ ልትደፋብኝ ደረሰች።

የከዳን ሰማታር ነው። አማርኛ ያስተማረውን ድምፅ ትቶ ወደ ብዙዎቹ ዞረ። «የእትዬ አማርኛ ማር ነው» አለኝ፤ «ነገር ግን ማን እንደተቆጣ ለማወቅ ቃሉን መረዳት ይገባኛል። እነዚህ ልጆች ሲቆጡ ቋንቋ አያሻም።» በእሷ አማርኛ እሷን ከዳት።

እኔ በበኩሌ ጥርሴን የሞተሩ ድምፅ ላይ አሳረፍኩ። ፍሬሰንበት የመርከቧን ሞተር የቀዳው ከእህል ወፍጮ ነው፤ የነገሌ ሰው ደግሞ የወፍጮ ድምፅ አይጠፋውም። መርከቧ በከዋክብት መሐል ስታልፍ ሱቄ ውስጥ አንዱ «ዱቄቱ ደቀቀ ወይ?» ብሎ ሁሉን አሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ ትንሽ አሳዘነኝ፤ ብዙም አይደል።

አንድ ነገር ግን ልክ ነበር፤ እሱም ሁዳ ናት። ያቺን የምትጠብቅ ሴት ሆና የተጫወተችው ሁዳ፣ የሻይ ቤት ባለቤት ልጅ፣ «ወሬ የሌለው ሰው የሞተ አይደለም፤ ወሬ የሌለው ሰው ብቻ ነው» ስትል ሲስቁ የነበሩት ሁሉ ወደ ማጫወቻው ተጠጉ። እኔም መደርደሪያውን የማጸዳ መስዬ ዞርኩ። በሰው ፊት ግን «ደህና ናት» ብቻ ነው ያልኩት።

እትዬ ዘርትሁን ራሷ ድራማውን በሙሉ ሰማችው። እኔ ስንቅና ትጥቄን ይዤ እስክታማቸው እጠብቃለሁ፤ እሷ ግን «አንተን ምን ያንገበግብሃል?» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን ያነበብኩት ሰው ስላጣሁ ነው። እነሱ ብዙ ከሆኑ እሰየው።» የሁዳን ቦታ ደጋግማ እንዳስከፈተች በኋላ ሰማሁ። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ሰው ሥራዋን ወስዶ ሲሠራበት የምትቀና ሳይሆን ክሩን የምታቀብል።

ፍሬሰንበት በዚህ ተደፋፈረ። መጨረሻውን እንድታነብ ሊያግባባት ስጦታ አዘጋጀ። አሮጌዎቹን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ አጸዳቸው። የዶሮውን ጩኸት አወጣ፣ የቴፑን ሹክሹክታ አወጣ። በየመሐሉ የሚገባውን የሽማግሌ ድምፅም እንደ ጩኸት ቆጥሮ አንድ በአንድ ቆርጦ ጣለው። ልጁ ካምፕ ውስጥ ከሬዲዮ ትረካ ጋር ያደገ ነው፤ ትረካ ማለት አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ነው ብሎ ያምናል። በክፋት አላደረገውም፤ ብዙ ደክሞበታል።

በረንዳዋ ላይ ሲያሰማት እኔም ነበርኩ። ድምጿ እንደ አዲስ ጠርቶ ወጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ በመሐል ምንም የለም። እትዬ ዘርትሁን እጇ መርፌውን እንደያዘ ቀረ።

«አጥፋው» አለች።

«ምን ጎደለው፣ እትዬ? ጠርቷል እኮ! የእርስዎ ድምፅ ብቻ እንዲሰማ ነው ያደረግኩት።»

«ከግድግዳ ጋር የማወራ እብድ አስመሰልከኝ፣ ልጄ።»

መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። ስትናደድ አትጮህም፤ ትሰፋለች። ፍሬሰንበት እንደተሰበረ ተከትሎኝ ሱቅ መጣ፤ ያጸዳውንም ሚሞሪ እዚያው ማጫወቻ ላይ ከፈተው። «እስቲ የቱ ላይ ነው ጥፋቱ?» እያለ ደጋግሞ ያሰማኛል። የገበያ ቀን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አዴ ስንቄ ልናገር፤ የኦቦ ጂሎ ባለቤት ናቸው። ወተት ሸጠው ሲመለሱ ሁልጊዜ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆም ይላሉ። የሚያርፉ ነበር የሚመስለኝ። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ ትረካ ሊሰሙ ይቆማሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን ቀንም ቆሙ። ቆይተው ወደ ውስጥ ገቡና ማጫወቻውን አዩት፤ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ፍሬሰንበትን።

«ጂሎን የት አደረጋችሁት?» አሉ።

ፍሬሰንበት መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከወንበሩ ተነሳና ለሴትዮዋ ቦታ ለቀቀ። እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ ካልተነካው ካሴት አንዱን አወጣሁና ከፈትኩ። «ኤዬ» አሉ ኦቦ ጂሎ ከማጫወቻው ውስጥ፤ «የፊተኛዋ መርከብስ?» አዴ ስንቄ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባልየው በሕይወት ሳሉ ሲያወሩ የሚነቀንቁት ዓይነት ነው። ለካ በየገበያው ቀን የሚቆሙት ለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ድምፅ ስሸጥ ማን ምን እንደሚገዛኝ አላውቅም ነበር።

ሲጨርሱ «ዘርትሁን ለምን ቀሪውን አታነብም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኤዬ የሚላት አጣች።»

«እኔ እላታለሁ» አሉና ወጡ። እኛም ተከተልን።

እትዬ ዘርትሁን አዴ ስንቄን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ጉዳዩን ስትሰማ ግን ማምለጫ ፈለገች። «አዴ፣ መጽሐፉ በአማርኛ ነው። ከመጀመሪያውም አልሰሙትም፤ እንዴት ይሆንልዎታል?»

አዴ ስንቄ ከአማርኛውም ከኦሮምኛውም እየቀላቀሉ መለሱላት። «አንቺ ቀን ታነቢለታለሽ፤ እሱ ማታ ማታ ለእኔ ይነግረኛል። ሁሉን በእኛ ቋንቋ ነግሮኛል። አዛዡን አውቃለሁ፣ ውሃ የሰረቀውን አውቃለሁ፣ ባሏን የምትጠብቀዋን አውቃታለሁ። አንቺ የቆምሽበት ድረስ አለኝ።»

እትዬ ዘርትሁን ቁጭ አለች። ሾፌሩ ሁሉ፣ ድንበሩ ሁሉ ሲሰማት ከሁሉ በፊት የሰማቻት ግድግዳ ለግድግዳ ያለችው ሴት መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ኦቦ ጂሎ ጭለማ ቤት ውስጥ በአንድ ድምፅ ለሚስታቸው ሲተርኩ ኖረዋል፤ ይህንንም ለራሷ ለእትዬ ዘርትሁን እንኳ አልነገሯትም። ለአዴ ስንቄ እምቢ ማለት አልቻለችም። «ነገ ከሰዓት» አለች።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ፍሬሰንበት መቅጃውን ይዟል፤ ሁዳ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ጎሊቻ መኪናውን ከነጭነቱ አቁሞ መጥቷል። ማንም እንዳይተነፍስ ተባለ። ዶሮዋን ሊያባርር የተነሳውን ፍሬሰንበትን እትዬ ዘርትሁን «ተዋት» አለችው። መጽሐፉን ከጨርቁ ፈታች።

መርከቧ ከኮከቡ ምድር ላይ አረፈች፤ «ኤዬ» አሉ አዴ ስንቄ። ሰዎቹ በሩን ከፈቱ፤ «ኤዬ»። ምድሩ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ «ኤዬ»። ከበድ ያለ አማርኛ ሲመጣ እትዬ ዘርትሁን ራሷ ቆም ትልና በኦሮምኛ ትደግመዋለች። ከዚያም ተሳፋሪዎቹ ከኮረብታው ማዶ የፊተኛዋን መርከብ አገኙ። እዚህ ላይ ድምጿ ተቋረጠ። ያ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው፣ ምንም የማይጨምር ድምፅ፣ አልወጣ አለ። አዴ ስንቄ አላጣደፏትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገና ላልተነበበው «ኤዬ» አሏት።

«መርከቧ ተሰባብራ ነበር» ብላ አነበበች። «ከሰዎቿም አንድ አልተረፈም።»

ያኔ ገባኝ። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰሚ በማጣት ብቻ አልነበረም የጠቀለለችው። ወሬ ያልላከ ሰው ሞቷል የሚለውን ነገር በገዛ አፏ ማንበብ አልሆነላትም። ኦቦ ጂሎ «የፊተኛዋስ?» ባሏት ቁጥር «መጨረሻው ላይ ነው» እያለች የገፋችው ይህንኑ ነበር። ስለ ድምፅ አዋቂ ነኝ የምል እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አልሰማሁትም። እሷ ግን አነበበችው፤ አንድም ቃል ሳትዘል እስከ ታች። ያቺ ሴት ወደ መርከቧ አልተመለሰችም፤ ድንጋዩን መቆፈር ጀመረች ይላል፤ በዚያ ያበቃል።

አዴ ስንቄ «ኤዬ» አላሉም።

ጎሊቻ በባርኔጣው ፊቱን ሸፍኗል።

«ጂሎ የነገረኝ እንዲህ አይደለም» አሉ አዴ ስንቄ።

«ምን?» አለች እትዬ ዘርትሁን።

«ሊሞት ሰሞን መጨረሻውን ነግሮኛል።»

«መጨረሻውን እኮ አላነበብኩላቸውም፣ አዴ።»

«አላነበብሽለትም። 'ዘርትሁን ይህን አታነበውም፤ እኔ ልጨርሰው' ብሎ ነው የነገረኝ።»

እትዬ ዘርትሁን መጽሐፉን ዘግታ የስፌት መኪናው ላይ አኖረችው። «ይንገሩኝ» አለች። አዴ ስንቄ በኦሮምኛ ጀመሩ፤ እኔ እንደቻልኩት ወደ አማርኛ አመጣዋለሁ።

«መርከቧ ደረሰች» አሉ።

«ኤዬ» አለች እትዬ ዘርትሁን።

«ሰዎቹ ወረዱ። የተቆፈረ ጉድጓድ አገኙ፤ ጥልቅ፣ ውሃ ያለው።»

«ኤዬ።»

«ውሃ ባለበት ሁሉ ቀድሞ የደረሰ ሰው አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። 'ናጋ?' አላቸው። በፊተኛዋ መርከብ የሄደው ሰው ነው። አባ ሄሬጋ ሆኗል፤ ተራ ያስይዛል።»

«ኤዬ።»

«ሚስቱ አወቀችው። 'ለምን ወሬ አልላክህም?' አለችው። 'ወደ እናንተ የሚያልፍ መንገደኛ ስላጣሁ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም' አላት። 'ተራሽ ደርሷል፤ ነይ ጠጪ' አላት።»

እትዬ ዘርትሁን ከንፈሯን ነከሰች። ዶሮዋ በመሐል ጮኸች። ከዚያ ተቀበለች።

ዛሬ ሱቄ ውስጥ ያ የድሮ ክርክር ቀዝቅዟል፤ ሌላ ተነሥቷል። ሰማታር የመጽሐፉን መጨረሻ ይመርጣል፤ ጎሊቻ የኦቦ ጂሎን ካልሆነ ሌላ አልሰማም ብሏል። ሁዳና ጓደኞቿ ድራማቸውን በሁለቱም ጨርሰውታል፤ ወፍጮውንም አውጥተዋል። ቅጂውን ሊሠራ ሲቀመጥ ፍሬሰንበት ያቺን የእትዬ ዘርትሁንን የመጨረሻ «ኤዬ» ደጋግሞ አዳመጣት። ዝቅ ያለች ናት፤ ከለቅሶ ጋር የወጣች ስለሆነች ጥርት አትልም፤ ዶሮም አለባት። ላጽዳት ወይ ይለኛል ብዬ ቀና ስል የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አቀበለኝ።

«ይህችን አልነካትም» አለ።